እድፉን ያስቀደመ ማመልከቻ

ሰው ፊደል ካልቆጠረ ለተማሩት ጆሮም የሌለው ይመስላቸዋል። እማማ ካውያን ያንገበገባቸው ይኸው ነው። አለመማራቸውን እሳቸው ራሳቸው ሰው ፊት ይናገሩታል፤ ሌላ ሰው ሲናገርባቸው ግን ካውያቸውን እንዳነሱ ይቆማሉ። የዚያን ዕለት የተናገረባቸው ባዳ ቢሆን ደግ ነበር። ዘጠኝ ወር ተሸክመው የወለዱት የገዛ ልጃቸው ነው። በፕላስቲክ የተለበጠ ወረቀት ይዞ መጣና በእሳቸው ራስ ላይ አሳልፎ ለልጅ ልጃቸው አቀበላት። ይህ አልበቃ ብሎት፣

«እማዬ እንዳታገኘው፤ ትጠቀልልበታለች» አለ።

እርግጥ አንድ ጊዜ ጠቅልለውበታል። የጠቀለሉት አዝራር ነው፤ ወረቀቱ የእሱ ሰርተፊኬት ሆኖ ተገኘ። ታዲያ ሰርተፊኬቱን ከካልሲ ጋር መሳቢያ ውስጥ የወሸቀው ማን ነው? ይህንን ማንም አያነሳም።

«ሰማሁህ» አሉ፣ ከሚተኩሱት ሸሚዝ ቀና ሳይሉ።

«የእንግሊዝኛ ነገር ነው እማዬ፤ አንቺን አይመለከትም።»

«አይመለከትም» አሉ እማማ ካውያ፤ ቃሉን እንደ መርፌ ደረታቸው ላይ ሰክተው አስቀመጡት። ቀን ሲመጣ ይነቀላል።

እማማ ካውያ ብለው ስም ያወጡላቸው ደንበኞቻቸው ናቸው። መንገድ ዳር ባለችው ጠባብ ክፍል ከፊት ልብስ ይተኩሳሉ፣ ከመጋረጃው ጀርባ ይኖራሉ። ግድግዳው ሙሉ ማንጠልጠያ ነው፤ ማንጠልጠያው ሙሉ የሰው ሸሚዝ ነው፤ ጭንቅላት የሌላቸው እንግዶች ተሰልፈው የቆሙ ይመስላል። መስኮቱ ላይ ደግሞ አንድ የቀለም ቆርቆሮ አለ። ጽጌረዳ ተተክላበት ነበር። የልጅ ልጃቸው ከፍቅሯ ብዛት ውኃ አጠጥታ አጠጥታ ገደለቻት።

የልጅ ልጃቸው ሚጢ ትባላለች። ሚጢ የተባለችው ጨቅላ ሳለች ነው፤ ዛሬ በሩን ጎንበስ ብላ ነው የምታልፈው፣ ስሙ ግን አብሯት አላደገም። እናቷ ሌላ ከተማ ሥራ ላይ ስለሆነች ያሳደጓት አያቷ ናቸው። ነርስ መሆን ትፈልጋለች። የነርሶቹ ትምህርት ቤት ደግሞ የእንግሊዝኛ ፈተና ሳያልፉ በሩን አያስረግጥም። ሁለት ጊዜ ተፈትና ሁለት ጊዜ ወድቃለች። ሦስተኛው የመጨረሻዋ ነው፤ ከዚያ ወዲያ አይቀበሏትም።

ልጃቸው፣ ማለትም የሚጢ አጎት፣ ሰፈሩ ሁሉ «ቲቸር» የሚለው ሰው ነው። ከጎሚስታው በላይ አንድ ክፍል ተከራይቶ ለዚሁ ፈተና ተማሪዎችን ያዘጋጃል። ፈተናው ላይ «የሥራ ማመልከቻ ጻፉ» የምትል ጥያቄ አትቀርም። ስለዚህ ቲቸር አንድ ማመልከቻ አሳምሮ ጽፎ፣ አባዝቶ፣ በፕላስቲክ አስለብጦ ለተማሪዎቹ ያድላል፤ እነሱም እንደ ጸሎት በቃላቸው ይይዙታል። ሥራው ምንም ይሁን ምን፣ የመሥሪያ ቤቱን ስም ብቻ እየቀየሩ ያንኑ መገልበጥ ነው። ምሳ ሰዓት ሲደርስ ቲቸር ክፍሉን ዘግቶ ወደ እናቱ ቤት ይወርዳል። ፀሐይ ብትቀር እሱ አይቀርም።

እንግዲህ ሚጢ ከመተኮሻው ጠረጴዛ አጠገብ በርጩማ ላይ ተቀምጣ ማመልከቻዋን በቃሏ ታነበንባለች፤ እማማ ካውያ ይተኩሳሉ።

«የምን ሥራ ነው?» አሉ አንድ ቀን።

«የባንክ፣ እማማ።»

በማግስቱም ታነበንባለች። «የዛሬውስ?»

«የአውሮፕላን ማረፊያ።»

በሦስተኛው ቀን የትምህርት ቤት ነበር። እማማ ካውያ ካውያውን በቂጡ አቆሙት።

«አንቺ ልጅ፣ የትናንቱም የትናንት ወዲያውም የዛሬውም አንድ ነው።»

«አይደለም እማማ፣ አንቺ እኮ እንግሊዝኛ አታውቂም።»

«አላውቅም። ግጥሙ ባይገባኝ ዜማው ይጠፋኛል? እዚህ ጋ ስትደርሺ ትተነፍሻለሽ፣ እዚህ ጋ ስትደርሺ ራስሽን ታኪያለሽ። ሦስቱንም ቀን ያው ነሽ።»

ሚጢ ወረቀቷን ጭኗ ላይ ደፋችው። ከዚያ፣ ለአጎቷ ያልነገረችውን ነገር እዚያው በርጩማው ላይ ተናዘዘች። ባለፈው ፈተና የመጣው ጥያቄ በዋና ገንዳ ላይ፣ ሰው ሲሰምጥ ዘሎ የሚያወጣ ሠራተኛ ይፈለጋል የሚል ነበር።

«እና ምን ብለሽ ጻፍሽ?»

«የቲቸርን ነዋ።»

«የቲቸር ምን ይላል?»

«ታይፕ በፍጥነት እመታለሁ፤ ፋይል በሥርዓት አስቀምጣለሁ፤ ስልክ በትሕትና አነሳለሁ።»

እማማ ካውያ ትንሽ አሰቡበት። «ሰውየው እየሰመጠ?»

«እየሰመጠ።»

«አንቺ ስልክ በትሕትና እያነሳሽ?»

 እማማ ካውያ ጠረጴዛውን ተደግፈው እስኪያነቡ ሳቁ፤ ሚጢ መጀመሪያ ተኮሳተረች፣ ኋላ እሷም ተሸነፈች። ሳቁ ሲያልቅ ግን አሮጊቷ ዓይናቸውን በቀሚሳቸው ጫፍ ጠረጉና ቆፍጠን አሉ።

«የሰው ወርቅ አያደምቅም። ያንን የኪራይ ኮት ታዪዋለሽ?» ብለው ግድግዳው ላይ ወዳለ ጥቁር ሙሉ ልብስ አገጫቸውን ቀሰሩ። «የዚህ ሰፈር ወንድ ሁሉ የሚዳረው በሱ ነው። ላንዱ እጅጌው ጣቱን ይበላዋል፣ ላንዱ ክርኑ ላይ ይቀራል። ያገቡት ሁሉ ፎቶ ላይ ኮቱን እንጂ ሙሽራውን አታውቂም። የአጎትሽ ማመልከቻም ይኸው ነው። ለመሆኑ ማመልከቻ ምንድን ነው?»

«ሥራ ስጡኝ ብሎ መጠየቅ።»

«ታዲያ እኔን ጠይቂኛ! ሥራ አለኝ። ተኳሽ እፈልጋለሁ። በእንግሊዝኛ ጻፊና በአማርኛ አንብቢልኝ።»

ሚጢ እየሳቀች ጻፈች። ጉሮሮዋን ጠርጋ ቆመችና አነበበች፦ «ታታሪ፣ ሰዓት አክባሪ፣ በጫና ውስጥ መሥራት የምችል...»

«ማን?»

«እኔ።»

«የት አገር? ዛሬ ጠዋት ብርድ ልብሱን ከላይሽ የገፈፈው ማን ነው? ጎረቤት ነው? አልቀጠርኩሽም። ሂጂ፣ ሌላ ጻፊ።»

«እማማ፣ ማመልከቻ ላይ እኮ እንደዚህ ነው የሚባለው።»

በዚህ መሐል አንድ ደንበኛ ግራጫ ኮት ይዞ ገባ። እማማ ካውያ ኮቱን ተቀብለው፣ ማንኛውንም ልብስ ሲቀበሉ እንደሚያደርጉት፣ ብርሃን ላይ ዘረጉት፤ እያገላበጡ አዩና ሰውየውን በጣት ጠሩት።

«ይቺን ያያሉ? ብብቱ ሥር። ይቺ ከቤትዎ የመጣች ናት። ትለቃለች። ይቺ ኪሱ ላይ ያለችው የቀለም ነጠብጣብ ግን አትለቅም፤ አብረን እንወቃት።»

ሰውየው አየ፣ ራሱን ነቀነቀ፣ ሄደ። አሮጊቷ ወደ ልጅቷ ዞሩ።

«አየሽ? እድፉን መጀመሪያ። ሸሽጌ ብቀበለው ነገ አንቺ ነሽ ያቆሸሽሽው ይለኛል። አስቀድሜ ካሳየሁት ግን የቀረውን ሁሉ ያምነኛል። አንቺም እድፍሽን አስቀድሚ። የሚለቅ ከሆነ እንዴት እንደሚለቅ ንገሪኝ። የማይለቅ ከሆነ አብረን እንወቀው። ደግሞ ሰላምታው የታለ? እንደምን አደሩ ሳይባል ሥራ ስጡኝ ይባላል?»

«እንግሊዝኛ ላይ እንደምን አደሩ የለም እማማ።»

«እንግሊዝኛ የሚናገረውን አለቃ እናት አልወለደችውም?»

እንዲህ ተጀመረ። ከዚያ ወዲያ እማማ ካውያ በየቀኑ አዲስ የሥራ ማስታወቂያ ያወጡ ጀመር። ተኳሽ፣ ዘበኛ፣ ልብስ አመላላሽ፣ አይጥ የምትይዝ ድመት። ሚጢ በድመቷ ስም ስታመለክት «መተኛት እወዳለሁ፤ ነገር ግን የምተኛው አይጧ በምታልፍበት ቀዳዳ አፍ ላይ ነው» ብላ ጻፈችና ወዲያው ተቀጠረች። አንዳንዱን ቃል መጽሐፍ ገልጣ ፈለገች፤ አንዳንዱን ዓረፍተ ነገር ሦስቴ ሰርዛ ጻፈችው። አማርኛውን ስታነብ አያቷ «እንዴት ማለትሽ ነው?» ካሉ እንግሊዝኛውም ተመልሶ ይሰረዛል። የፕላስቲኳ ወረቀት በርጩማው ሥር አቧራ ጠጣች።

አንድ ከሰዓት በኋላ እማማ ካውያ «ዛሬ ባል እፈልጋለሁ» አሉ።

«እማማ!»

«ክፍት የሥራ ቦታ ነው። ጻፊ።»

ከመንገዱ ማዶ ያለው የመጋዘኑ ጥበቃ፣ ሻይ በመጠጣት ሰበብ ከደጃፋቸው የማይጠፋ ሽማግሌ ነው። ሚጢ በእሱ ስም ጻፈች፦ «እንደምን ዋሉ? ካውያዎስ እንደምን ዋለ? ጥርሴ ጥቂት ነው፤ ለመሳቅ ግን ይበቃኛል። በሥራዬ ላይ እንቅልፍ ይጥለኛል፤ ስለዚህ አልጨቀጭቅዎትም። የሚጠበቅ ነገር ሁሉ እጠብቃለሁ፣ ምሳንም ጨምሮ።»

እማማ ካውያ አፋቸውን በመዳፋቸው ያዙ። «እድፉን አስቀድሟል፤ ይኸ ሰው ሐቀኛ ነው። ግን ቦታው ተይዟል በይው።»

«በማን?»

«በካውያው። እሱ ቢያንስ ሲግል ያስታውቃል።»

ቲቸር የገባው ይህን ጊዜ ነበር፤ ምሳውን ፍለጋ። ሁለቱ እየሳቁ ሲያገኛቸው ወረቀቱን ከሚጢ እጅ ላፍ አደረገ። አነበበ። ሌሎቹንም ከጠረጴዛው ላይ ሰብስቦ አነበበ። ፊቱ እንደ እርጥብ ሸሚዝ ተንጠለጠለ።

«ይኸ ምንድን ነው? ‹ጠዋት አልነሳም›? ማመልከቻ ላይ ጠዋት አልነሳም ይባላል? የአለቃ ጤና ይጠየቃል? እማዬ፣ አንቺ ነሽ?»

«እኔ ነኝ።»

«እማዬ፣ በፈጠረሽ፣ አንቺ ልብስሽን ተኩሺ። ልጅቷን ለእኔ ተይልኝ።»

«ሁለቴ ትቼልህ ነበር» አሉ እማማ ካውያ።

 ካውያው እንፋሎቱን ቱፍ አለ። ቲቸር ምሳውን ቶሎ ቶሎ በላ፤ ሲወጣም የፕላስቲኳን ወረቀት ከበርጩማው ሥር አንስቶ፣ አቧራዋን አራግፎ፣ ሚጢ ጉልበት ላይ አስቀመጠ። «ቀልድ አይደለም» አላት ቀስ ብሎ። «የመጨረሻሽ ነው።»

እውነቱን ነበር። ይህንንም እማማ ካውያ ያውቁታል።

የፈተናው ቀን የልጅቷን ነጭ ሸሚዝ ተኮሱ። አንገትጌውን ደግመው ተኮሱት፤ ቀድሞም ያልተጨማደደውን። እድፍ ስለሚባል ነገር አንዲት ቃል አልተነፈሱም፤ «እንዳልሽ አድርጊ» ብለው ጉንጯን ስመው ላኳት። ከዚያ ቀኑን ሙሉ በሩ ላይ ጥላ ባለፈ ቁጥር ቀና ይላሉ። ቲቸርም ተማሪዎቹን ትቶ መጥቶ ማንጠልጠያዎቹን አንድ በአንድ ያስተካክላል፤ የተስተካከለ ነገር።

ሚጢ ከሰዓት በኋላ ጎንበስ ብላ በሩን አልፋ ገባች።

«ምን መጣ?» አሏት ሁለቱም።

«የአበባ መሸጫ ሱቅ። ረዳት ይፈለጋል የሚል።»

«የእኔን ጻፍሽ?» አለ ቲቸር።

«ጀምሬው ነበር አጎቴ። ‹ታይፕ በፍጥነት እመታለሁ› የሚለው ጋ ስደርስ አበባዎቹ ሁሉ ቀና ብለው ያዩኝ መሰለኝ። ሰረዝኩት።»

«እና?»

«እና... እንደምን አሉ፣ አበቦችዎስ እንደምን ናቸው አልኩ። ከዚያ አንድ ጽጌረዳ ውኃ አብዝቼ ገድያለሁ አልኩ።»

ቲቸር በርጩማው ላይ ዘፍ አለ። «አበባ ሱቅ ለመቀጠር... አበባ ገድያለሁ ብለሽ ጻፍሽ?»

«ቆርቆሮው መስኮታችን ላይ እንዳለም ጽፌያለሁ። ከዚያ ወዲህ ውኃ ከማጠጣቴ በፊት አፈሩን በጣቴ ነክቼ ማየት እንደተማርኩ፣ የሰውም ነገር እንደዚያው እንደሆነ፣ የጠማውንና ያልጠማውን መለየት...»

«አለቀልሽ» አለ ቲቸር። ከዚያ ወደ እናቱ ዞረ። ሚጢም ዞረች።

እማማ ካውያ  ልብሱን አዩ፣ ካውያውን አዩ፣ ቆርቆሮውን አዩ። ይህች ልጅ ያላትን አንድ ዕድል እኔ በቀልድ አቃጥዬባት ይሆን? የሸሚዝ እድፍና የሰው እድፍ አንድ ነው ብሎ ማን ነገረኝ? ውጤቱ እስኪመጣ ባለው ጊዜ ደንበኛ ላይ አልተቆጡም፤ ጥበቃው ሻይ ሊጠጣ ሲመጣ ሳይሰድቡት ቀዱለት፤ ሽማግሌው ደንግጦ አመሟቸው እንደሆነ ሚጢን ጠየቃት። ጭራሽ አንድ ቀን የሸሚዝ ጀርባ አቃጠሉ። ሸሚዙ የቲቸር ነበር። ልጁ የካውያውን ቅርጽ ጀርባው ላይ ተሸክሞ ወደ ተማሪዎቹ ሄደ፤ ይህ ደግሞ ከስድብ ሁሉ የባሰ ሆነባቸው።

ውጤቱ የመጣ ቀን ሚጢ በሩ ላይ ጎንበስ ማለት ረሳች። ግንባሯን ከጉበኑ ጋር አላትማ፣ ራሷን ይዛ፣ እንባዋን እያፈሰሰች ገባች። እማማ ካውያ ከጠረጴዛው ዞረው ተቀበሏት።

«ወደቅሽ?»

«አለፍኩ!»

«ታዲያ ምን ያስለቅስሻል?»

«ግንባሬ ነዋ!»

አቅፈው ግንባሯን እፍ፣ እፍ አሉላት። አንቀው ሳሟት፣ ደግሞ በጥፊ መሰል ነገር ትከሻዋን መቷት። «እስቲ ንገሪኝ፤ እንዴት አለፍሽ?»

«ለጥቂት እማማ። ለጥቂት ነው ያለፍኩት።»

«ለጥቂት ያመለጠ አውቶቡስ አምልጧል፤ ለጥቂት የተያዘም ተይዟል። ተሳፈሪ!»

ቲቸር ሲሰማ ከጎሚስታው በላይ ያለውን ደረጃ በአንድ ዝላይ ወርዶ መጣ። ሚጢን አነሳ፣ አዞረ። «ሰዋስዉ ነው ያሳለፈሽ! ግሱን እንዴት እንደደረደርኩልሽ!» አለ። እማማ ካውያ «ጽጌረዳዋ ናት» አሉ። ፈታኙ የቱን ወዶ የቱን እንደጠላ የሚያውቅ የለም፤ ምናልባት ሰላምታው ነጥብ አስቀንሶ ይሆናል። በዚያ ቀን ግን ሁሉም የየራሱን ይዞ በሰላም አደረ።

ሰላሙ የቆየው እስከ ማግስቱ ምሳ ሰዓት ነው። ቲቸር ደረቱን ነፍቶ ገባ። እጁ ላይ አዲስ በፕላስቲክ የተለበጡ ወረቀቶች አሉ፤ ብዙ። አንዱን መዘዘና በእናቱ ራስ ላይ አሳልፎ ለሚጢ ሰጣት።

ሚጢ አየችው። «አጎቴ፣ ይኸ እኮ ትናንት ያስጻፍከኝ የእኔ ማመልከቻ ነው!»

«አዎ! አስተካክዬዋለሁ። ከእንግዲህ ተማሪዎቼ ሁሉ በቃላቸው የሚይዙት ይኸን ነው።»

«ሁሉም?» አሉ እማማ ካውያ።

«ሁሉም።»

«ሁሉም ጽጌረዳ ሊገድሉ ነው?»

«ዘዴ ነው እማዬ፤ አዲስ ዘዴ። ለወላጆቹም ነግሬያቸዋለሁ፤ የእህቴ ልጅ በእኔ ዘዴ አለፈች ብዬ።» ከዚያ ወደ ሚጢ ጎንበስ ብሎ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «እማዬ እንዳታገኘው» አለ። «ትጠቀል...»

ነገሩን አልጨረሰም። እማማ ካውያ ካውያውን በቂጡ አቁመው፣ መጋረጃውን ገልጠው፣ ከምድጃው ላይ ያለውን ድስት በሁለት እጃቸው አንስተው ወደ መተኮሻው ጠረጴዛ አመጡት። ጠረጴዛው ላይ አሳረፉትና ክዳኑ ላይ መዳፋቸውን ጫኑበት። ሽታው ግን በክዳኑ ዙሪያ እየሾለከ ቤቱን ሞላው።

«ራበህ?»

«በጣም እንጂ። ምን ሠራሽ?»

«የሠራሁትን ተወው። ከዛሬ ጀምሮ በዚህ ቤት ምሳ በማመልከቻ ነው።»

ቲቸር ሳቀ። ሚጢ ልትስቅ ስትል የአያቷን ፊት አየችና ተወችው። ቲቸርም ቀስ እያለ ሳቁን ዋጠው።

«እማዬ፣ ቀልዱን ተይ፤ ተማሪ ይጠብቀኛል።»

«ይህን ያህል ዓመት የሰውን ማመልከቻ ስትጽፍ ኖረህ፣ ለእኔ አንዲት መስመር ጽፈህልኝ ታውቃለህ? አታነብም ብለህ። አነባለሁ አልኩህ? ሚጢ ታነብልኛለች። በል ወረቀትና እስክሪብቶ ያዝ።»

«በምን ቋንቋ?»

«በእናትህ።»

ሚጢ በርጩማዋን ለቀቀችለት። ቲቸር አንዴ ድስቱን፣ አንዴ የእናቱን ክንድ አየና ተቀመጠ። እስክሪብቶውን ነቀለ። ምን ብሎ እንደሚጀምር ጨንቆት ጫፉን ነከሰው።

«‹ለሚመለከተው ሁሉ› ብለህ እንዳትጀምር» አሉ እማማ ካውያ። «የሚመለከተው እኔን ነው። መጀመሪያ ሰላምታ፤ ጉልበቴ እንደምን እንዳደረ ጠይቅ። ከዚያ እድፍህን ጻፍ፣ ሁሉንም፣ በራስህ ቃል፤ ከማንም አትገልብጥ። ልጅቷን ማን እንዳሳለፋት ስትደርስ ደግሞ አስተካክለህ ጻፍ፤ እኔንም እሷንም ጨምር። ካልጣፈጠኝ ነገም ይደገማል።» ከዚያ አንድ እጃቸውን ከክዳኑ ላይ አንስተው ወደ ተለበጡት ወረቀቶች ዘረጉ። «እነዚያንም ወዲህ በል። የሚጠቀለል አዝራር አለኝ።»